ያጌጠው መውጫ፦ በንግድ ሕንፃዎች ውስጥ የእሳት ደኅንነት ምልክትና የውስጥ ማስዋብ



ወደ ርእሰ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ጥቂት ላስቸግራችሁ። ፊታችሁን ወደ እኔ እንዳደረጋችሁ፣ ወደ ኋላ ሳትዞሩ፣ የዚህ አዳራሽ መውጫ በሮች ስንት እንደሆኑና በየት በየት በኩል እንደሚገኙ በልባችሁ ቁጠሩ። እጅ ማውጣት አያስፈልግም። የገባችሁበትን በር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሁለተኛው በር ከመድረኩ በስተቀኝ፣ ከዚህ ካማረ ቀይ መጋረጃ በስተጀርባ ይገኛል። ከበሩ በላይ ምልክት ተሰቅሏል፤ መጋረጃው ግን ከምልክቱ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። መጋረጃውን የሰቀለው ሰው አዳራሹን ሊያስውብ እንጂ በር ሊደብቅ አላሰበም። የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው እንዲህ ባለው ክፉ ሐሳብ የሌለበት ስሕተት ላይ ነው።

የንግድ ሕንፃዎችን የውስጥ ክፍል ማስዋብ በአገራችን ራሱን የቻለ ሙያና ገበያ ሆኗል። ጂፕሰም ኮርኒሱ፣ የእንጨት መልክ ያለው የግድግዳ ልባስ፣ ሰው ሠራሽ ሣሩ፣ መስተዋቱ፣ በኮርኒሱ ጠርዝ ውስጥ የሚሮጠው ቀጭን የመብራት ገመድ፣ ሁሉም በየሱቁና በየሕንፃው ይታያል። ከዚሁ ጋር የእሳት ደኅንነት ምልክቶችም የጌጡ አካል እንዲሆኑ ይጠየቃል፦ በወርቅማ አክሪሊክ የተቆረጠ «መውጫ»፣ በእንጨት ላይ በሌዘር የተቀረጸ «የእሳት ማጥፊያ»፣ ከግድግዳው ቀለም ጋር እንዲስማማ አረንጓዴነቱን የተነጠቀ የሯጭ ሰው ሥዕል። እኔ ይህን ሁሉ በጅምላ የማወግዝ ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ማስዋብም ነበርና፣ ውበት የሚከፈልበትን ምክንያት አውቃለሁ። ነገር ግን ምልክት የሚሠራው ሥራ አለ፤ ያን ሥራ የሚወስኑት ደግሞ ብርሃን፣ ጢስ፣ ርቀትና የሰው ዐይን ናቸው። እነዚህ አራቱ ከደንበኛ ጋር አይደራደሩም።

ለምን ታይዋንን እንደ መነሻ እንደወሰድሁ ልናገር። ታይዋን ለድሬዳዋ ሰው መግለጫ አያስፈልገውም፤ ከሌላ ከተማ ለመጣችሁ ተማሪዎች ግን፣ ልብስ፣ ጫማ፣ ሽቶና ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበት፣ ከድሬዳዋ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ «ድሬ ከሄድሽ እዚያ ግቢልኝ» የሚልበት ገበያ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ከተሞች የለመድነው ገበያ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። የድሬ ሙቀት ግን የራሱን ሰዓት ሠርቷል፤ በቀትር ይቀዘቅዛል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና ይነቃል፤ ገዢ የሚበዛው ሲመሽ ነው። በመተላለፊያዎቹ ላይ ለጥላ ሸራ ይዘረጋል፤ ልብሱ ከሱቁ ውጭ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል። ይህን ከደኅንነት አንጻር ስታነቡት እንዲህ ይሆናል፦ ሰው በብዛት የሚገኘው የተፈጥሮ ብርሃን በሌለበት ሰዓት ነው፤ ከላይ የሚሰቀለው ምልክት ከሸራና ከተሰቀለ ቀሚስ ጋር ይጋፋል፤ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ደግሞ በተጨነቀ ሰዓት የሚታመን አይደለም። ከተማሪዎቼ ጋር በተደጋጋሚ እዚያ ስንመላለስ የማርከኝ የሻጮቹ ችሎታ ነው። ሸቀጣቸውን ዐይን እንዲያርፍበት የሚያደርጉበት ጥበብ ከማናችንም የግራፊክስ ትምህርት ይበልጣል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ነገር ዐይን ለመሳብ በሚጮህበት ቦታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጨዋነት የቆመ ምልክት አይሰማም።

አሁን የራሴን ጉዳይ ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት በአንድ የንግድ ሕንፃ የውስጥ ማስዋብ ሥራ ላይ አማካሪ ነበርሁ። ባለቤቱ ብርሃን ያለውን አረንጓዴ የመውጫ ሳጥን ሲያይ፣ «ይህ ሆስፒታል ያስመስለዋል፤ ሌላ ነገር አምጣልኝ» አለኝ። እኔም አመጣሁለት። ጥቁር ቡናማ በሆነ የእንጨት ልባስ ላይ፣ ሰባት ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው፣ ቀጫጭን፣ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቁ የወርቅ ቀለም ፊደላት። ያማሩ ነበሩ፤ አልዋሽም። በንድፌ ላይ ፈርሜባቸዋለሁ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አንድ ምሽት በምድር ቤቱ መጋዘን አጠገብ በሚያልፍ የኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ልባሱ መጨስ ጀመረ፤ መብራቱ ተቋረጠ፤ ጢሱም በዋናው ደረጃ በኩል ወደ ላይ ወጣ። በሁለተኛው ፎቅ የነበሩት ሰዎች ወደዚያው ጢስ ወደሞላው ደረጃ ተጋፉ። ሁለተኛው ደረጃ ከሱቆቻቸው ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቅ ነበር። ማንም አልሞተም። በመጋፋቱ የወደቁና የተጎዱ ግን ነበሩ፤ በጢስ ታፍነው ሐኪም ዘንድ የተወሰዱም ነበሩ። በማግሥቱ እዚያ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ሴት፣ ድሬዎች ታላቅም ታናሽም በማይለዩበት አነጋገር፣ እንዲህ አለችኝ፦ «አቦ፣ ያ ወርቁ ነገር ጽሑፍ ነው እንዴ? እኔ ጌጥ መስሎኝ ነበር እኮ፤ አንብቤውም አላውቅ።»

በየቀኑ ከሥሩ ታልፍ ነበር። ያቺ ዐረፍተ ነገር ወደዚህ ጥናት አስገባችኝ።

ሰዎቹ ለምን ወደ ጢሱ ሮጡ? በተደጋጋሚ የታየ የሰው ጠባይ ስለሆነ ነው። ሰው በድንጋጤ ጊዜ የሚያውቀውን መንገድ ይመርጣል፤ የሚያውቀው ደግሞ የገባበትን ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ዌስት ዋርዊክ በተባለች ከተማ፣ ስቴሽን የተባለ የሙዚቃ ቤት ሲቃጠል 100 ሰዎች ሞተዋል። ቤቱ ከአንድ በላይ መውጫ ነበረው፤ ሕዝቡ ግን በገባበት የፊት በር ላይ ተደራርቦ ወደቀ። እንግዲህ የምልክት ሥራ ለማያውቅ ሰው መንገድ መንገር ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀውን መንገድ ትቶ የማያውቀውን እንዲይዝ ማሳመን ነው። ይህ ከባድ ሥራ ነው። በእንግሊዝ አገር በግሪኒች ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሙከራ፣ ሰዎች በማያውቁት ሕንፃ ውስጥ በአደጋ ጊዜ ሲወጡ፣ የተለመደውን የማይንቀሳቀስ ምልክት ልብ ያሉት 38 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል፤ ምልክቱ ከፊታቸው ሆኖ፣ ምንም ሳይጋርደው። ምልክቱ ብልጭ ድርግም በሚል ቀስት ሲታገዝ ልብ ያሉት ወደ 77 በመቶ ከፍ ብለዋል። ምልክቱን ካዩት መካከል ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተከትለውታል። ይህን ቁጥር ተማሪዎቼ ደጋግመው እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ። በሚገባ የተሠራ፣ ደንቡን የጠበቀ ምልክት እንኳ ከአሥር ሰው ስድስቱ ዐይን ሥር ያመልጣል። እኛ በወርቅ ቀለም ስናለዝበው ስንቱ ይቀረዋል?

ጌጥና እሳት በአንድ ቤት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከሚያስተምሩ አደጋዎች ሁሉ እኔ አስቀድሜ የማነሣው እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 1942 በቦስተን ከተማ የደረሰውን ነው። ኮኮናት ግሮቭ የሚባለው የምሽት ክበብ የደቡብ ባሕር ደሴት እንዲመስል ተደርጎ ተውቦ ነበር፦ ሰው ሠራሽ ዘንባባዎች፣ ኮርኒሱን የሸፈነ ጨርቅ፣ ግድግዳውን የጋረዱ መጋረጃዎች። እሳቱ በጨርቁ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ተስፋፋ። ዋናው መግቢያ ተሽከርካሪ በር ስለነበር በተጋፊዎች ተቀርቅሮ ቆመ። ሌሎቹ በሮች አንዳንዶቹ ተቆልፈው፣ አንዳንዶቹ በመጋረጃ ተሸፍነው ነበር። 492 ሰዎች ሞቱ። ዛሬ በተሽከርካሪ በር ግራና ቀኝ ወደ ውጭ የሚከፈት መደበኛ በር ስታዩ፣ የዚያች ሌሊት ውርስ ነው። በመውጫ በር ላይ መስተዋት መስቀልን፣ በመጋረጃም መሸፈንን የሚከለክለው የአሜሪካ የሕይወት ደኅንነት ደንብም እንዲህ ካለ መከራ የተማረ ነው። መስተዋቱ ለምን ይከለከላል ብትሉ፣ በሩ ላይ ያለ መስተዋት በሩን ያጠፋዋል፤ የሚሸሸው ሰው የሚያየው የራሱን መልክና ከኋላው ያለውን ክፍል ነውና። በእኛ ሱቆች ደግሞ ቦታው ሰፊ እንዲመስል መስተዋት የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ በኮሪደር መጨረሻ ነው። መውጫው የሚገኘውም እዚያ ነው።

ሁላችንም የምናውቀው አረንጓዴ ሯጭ ሰውም የገበያ ልጅ መሆኑን ብዙዎች አያውቁም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1972 በጃፓን ኦሳካ ከተማ ሴኒቺ በተባለ የመደብር ሕንፃ እሳት ተነሣ። እሳቱ የጀመረው ልብስ ከሚሸጥበት ሦስተኛ ፎቅ አካባቢ ሲሆን፣ ሰዎች ያለቁት ግን በሰባተኛው ፎቅ በነበረው የምሽት መዝናኛ ቤት ነበር፤ 118 ሰዎች፣ በአብዛኛው በጢስና ለማምለጥ ሲሉ በመዝለል። በቀጣዩ ዓመት በኩማሞቶ ከተማ ታይዮ የተባለ መደብር ተቃጥሎ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ጃፓኖች በጊዜው የነበራቸው የመውጫ ምልክት በጽሑፍ የተሠራ ነበር። ከእነዚህ አደጋዎች በኋላ ለአዲስ ምልክት ብሔራዊ ውድድር ወጣ፤ ከሦስት ሺህ በላይ ንድፎች ቀረቡ። የተመረጠውን ሐሳብ አርሞና አጥርቶ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የሰጠው ዩኪዮ ኦታ የተባለው ንድፍ ዐዋቂና ባልደረቦቹ ናቸው። በ1980ዎቹ ምልክቱ ከሶቭየት ኅብረት ከቀረበ ሌላ ንድፍ ጋር ተወዳድሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ኦታ ከማረማቸው ነገሮች አንዱ የሰውዬው እግር አቋም ነው፤ ሕዝብን የሚያስደነግጥ ሩጫ እንዳይመስል፣ ግን ቆሞ የሚያመነታም እንዳይሆን። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ነው እንግዲህ በአንድ ማስታወቂያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ በአምስት ደቂቃ ኮፍያ ተደፍቶለት፣ ሻንጣ ተሰጥቶት፣ «ለሱቃችን እንዲስማማ» ሆኖ የሚታተመው። ሻንጣ የያዘ ሯጭ አይቻለሁ። ፈገግ አልሁ፤ ከዚያ ግን እሳት በተነሣበት ቤት ዕቃ ይዞ መሮጥ ማለት ምን እንደሆነ አሰብሁ።

የቀለሙን ጉዳይ ባጭሩ ላንሣው፤ በኮርሳችሁ ውስጥ አለና። በዓለም አቀፉ ሥርዐት አረንጓዴ ማምለጫና መዳኛ ነው፤ ቀይ የእሳት መከላከያ መሣሪያና ክልከላ፣ ቢጫ ማስጠንቀቂያ፣ ሰማያዊ ግዴታ። በአሜሪካ ብዙ ቦታ መውጫ በቀይ ይጻፋል፤ ፊልም ላይ እያያችሁ እንዳትሳሳቱ። የቀለሙ ጥቅም ከርቀት፣ ጽሑፉም ሥዕሉም ሳይለይ በፊት፣ ምን ዓይነት መልእክት እንደሆነ መናገሩ ነው። ቀለሙን ወደ ወርቅማ ስትለውጡት ይህን የመጀመሪያ ቃል ትሰርዙታላችሁ። ቀለሙን ሳትለውጡም ልታጠፉት ትችላላችሁ፦ አረንጓዴ ምልክት በሰው ሠራሽ ሣር ግድግዳ ላይ መስቀል እንደዚያ ነው። ይህ ፋሽን ካፌዎችን ከያዘ ወዲህ አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ የተሰቀለበትን ቦታ መቁጠር ትቻለሁ።

ወደ መጠን እንምጣ። እዚህ ላይ ቀላል ሒሳብ አለ፤ እባካችሁ ጻፉት። አንድ ምልክት የሚታይበት ርቀት የምልክቱ ቁመት በአንድ ቋሚ ቁጥር ተባዝቶ ይገኛል። ከውጭ ብርሃን ለሚያርፍበት ሰሌዳ ቁጥሩ 100 ነው፤ ከውስጡ ለሚበራ 200። ስለዚህ 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሰሌዳ ብርሃን ካረፈበት እስከ 15 ሜትር፣ ከውስጡ ከበራ እስከ 30 ሜትር ይታያል። የእኔ ባለ 7 ሳንቲ ሜትር ወርቅ፣ ያውም የፊደል እንጂ የሰሌዳ ቁመት ሆኖ፣ በጥሩ ብርሃን እንኳ ከ7 ሜትር በላይ አይታመንም ነበር። ኮሪደሩ 22 ሜትር ነበር። ይህን ሒሳብ ያኔ አላሠላሁትም፤ ለማሥላት ግማሽ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ያም በንጹሕ አየር ነው። ጢስ ሲገባ ሒሳቡ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ታዳሂሳ ጂን የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ ሰዎችን ጢስ በሞላበት ኮሪደር ውስጥ እያስገባ ምልክት እስከ ስንት ሜትር እንደሚያዩ ለካ። ግኝቱ እስከ ዛሬ የዘርፉ መሠረት ነው። የጢሱ ድፍነት ብርሃንን በአንድ ሜትር ምን ያህል እንደሚያደክም በሚነግር ቁጥር ይገለጻል፤ የእይታ ርቀት የሚገኘው አንድ ቋሚ ቁጥር ለዚያ ድፍነት ሲካፈል ነው። ራሱ ብርሃን ለማይሰጥ፣ ለሚያንጸባርቅ ብቻ ሰሌዳ ያ ቋሚ ቁጥር 3 ገደማ ነው፤ ራሱ ለሚያበራ ምልክት 8 ገደማ። ድፍነቱ አንድ በሆነ ጢስ ውስጥ እንግዲህ ያማረው የብረት ወይም የእንጨት ሰሌዳ በ3 ሜትር ላይ ሲጠፋ፣ የሚያበራው ሳጥን እስከ 8 ሜትር ይታያል። በእነዚያ 5 ሜትሮች መካከል ስንት ሰው ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ሊዞር እንደሚችል አስቡ። ጢሱ ዐይን የሚያቃጥል ሲሆን ደግሞ እንባው እይታውን ይበልጥ ያሳጥረዋል። የሱቅ ጢስ ደግሞ ከሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከስፖንጅና ከፕላስቲክ የሚወጣ ጢስ ነው፤ ዐይን አያቃጥልም ብሎ የሚከራከር አይገኝም።

በዚህ ላይ ጢስ ሞቃት ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ አስቀድሞ የሚውጠውም ከበር በላይ የተሰቀለውን ምልክት ነው። ከበር በላይ መስቀል ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። በሕዝብ መካከል ከሰው ራስ በላይ ካልሆነ አይታይምና ያስፈልጋል፤ ከወለሉ ቅርብ የሚደገም ምልክት ግን አብሮት ይፈለጋል። በአውሮፕላን ወለል ላይ የሚበሩት መስመሮች ምክንያታቸው ይህ ነው።

መብራት የሚጠፋበት አገር ነን፣ ምን እናድርግ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ሁለት መልስ አለ። አንዱ የራሱ ባትሪ ያለው የሚያበራ ምልክት ነው፤ ባትሪው ግን በየጊዜው ካልተፈተሸ ባዶ ሳጥን ነው፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ባትሪ ቶሎ ያረጃል። ሁለተኛው ብርሃን ጠጥቶ በጨለማ የሚያበራው ቁሳቁስ ነው። ቀድሞ በዚንክ ሰልፋይድ ይሠራ ነበር፤ ቶሎ ይደክም ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ ኢውሮፒየምና ዲስፕሮሲየም የተጨመረበት ስትሮንቲየም አሉሚኔት ተተካ፤ ይህኛው ለሰዓታት ያበራል። እ.ኤ.አ. በ1993 የኒው ዮርክ የዓለም ንግድ ማእከል በቦምብ ከተመታ በኋላ ደረጃዎቹ ላይ እንዲህ ያለ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ከተማዋም በ2004 ባወጣችው ሕግ በረጃጅም የቢሮ ሕንፃዎች ደረጃ ላይ ግዴታ አደረገችው። ለእኛ ሁኔታ ተስማሚ መሆኑን አምናለሁ፤ ባትሪ የለ፣ ሽቦ የለ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ቁሳቁስ ሰጪ ከመሆኑ በፊት ተቀባይ ነው። ደረጃው የሚጠይቀው ቢያንስ 54 ሉክስ ያህል ብርሃን ያለማቋረጥ እንዲያርፍበት ነው። ለቁጠባ ሲባል አምፖሉ በተፈታበት የደረጃ ቤት ውስጥ የተለጠፈ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ምንም አልጠጣም፤ ምንም አይሰጥም። በገበያ የሚሸጠውን ስትገዙ ደግሞ ተራ ቢጫ አረንጓዴ ላስቲክ አለመሆኑን ለማወቅ ሱቁ ውስጥ እጃችሁን ከልላችሁ ጨለማ ፍጠሩለት። ሻጩ ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ።

እስካሁን የተናገርሁት በየትኛውም አገር መጽሐፍ ይገኛል። ስለ ፊደላችን ግን በዚያ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። የግእዝ ፊደል የአናባቢውን ልዩነት የሚያሳየው በትንንሽ ቅጥያ፣ በእግር መርዘምና ማጠር፣ በቀለበት ነው። በመጽሐፍ ላይ ይህ ውበትም ብልሃትም ነው። በ20 ሜትር ርቀት ግን እነዚያ ቅጥያዎች አስቀድመው የሚጠፉ ናቸው። «መውጫ» እና «መግቢያ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ተመልከቱ። ሁለቱም በ«መ» ይጀምራሉ፤ ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ ከርቀት የሚለያቸው የቃሉ ሁለተኛ አጋማሽ ነው፣ እርሱም ደግሞ በቀጫጭን የጌጥ ፊደል ሲቆረጥ መስመሮቹ እየተዋጡ ይመጣሉ። በተማሪዎች ወርክሾፕ ውስጥ ሁለቱን ቃላት በአንድ መጠን አትመን፣ በደብዛዛ ብርሃን ከኮሪደሩ ጫፍ እያነበብን ሞክረናል። ጥናት አልለውም፤ ጨዋታ ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ «መግቢያ» የሚለውን በሙሉ እምነት «መውጫ» ብሎ ሲያነብ ሳቁ ወዲያው ቆመ። ስለዚህ ፊደል ቆራጮችን የምመክረው ደፋር፣ የእግር ስፋቱ እኩል የሆነ፣ በፊደሎቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለው አጻጻፍ እንዲጠቀሙ ነው፤ የብራና ቅጥ ያለውን ለሱቁ ስም ያስቀሩት።

ደግሞስ በማን ቋንቋ? ድሬዳዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በአንድ መተላለፊያ ላይ የሚነገርባት ከተማ ናት። አራቱንም በአንድ ሰሌዳ ላይ ብታስገቡ እያንዳንዱ ቃል ያንሳል፤ በመጠን ሒሳባችን መሠረት ርቀቱም ያንሳል። ኦሳካ ላይ የተሸነፈው ጽሑፍ፣ ያሸነፈው ሥዕል መሆኑ ለድሬ ከማንም ከተማ በላይ ይሠራል። ሥዕሉን ትልቅ አድርጉ፤ ቃላቱ ይከተሉት።

ምልክት ብቻውን አያድንም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ፣ የአካባቢው መጨናነቅና የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ ተሽከርካሪዎችን ሥራ እንዳከበደው ሁላችን ሰምተናል። ለድሬ ነጋዴ በንግድ ቅርብ የሆነችው ሐርጌሳም መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት ዋሄን የተባለ ትልቁ ገበያዋ ተቃጥሎባታል፤ በዚያም መተላለፊያዎቹ በሱቅና በመደብ መዘጋታቸው ማጥፊያ መኪኖችን አጓትቷል። ምልክቱ የሚያመለክተው መንገድ በካርቶን ከተሞላ፣ ምልክቱ ውሸታም ሆኗል ማለት ነው። ሕጋችን፣ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ና ደንብ ቁጥር 243/2003፣ ሕንፃዎችን በምድብ ከፍሎ፣ ቁመታቸው ከ12 ሜትር የሚበልጡትን በጥብቁ ምድብ «ሐ» ያስቀምጥ ነበር። ቁጥጥሩ ትኩረት የሚያደርገው ግን ንድፍ ሲጸድቅና ግንባታ ሲካሄድ ነበር። ተከራይ ገብቶ፣ ልባስ ለብጦ፣ ኮርኒስ ዝቅ አድርጎ፣ ምልክቱን ሲሸፍን ማንም ንድፍ አያቀርብም። እኔ ያንን ወርቅ የሰቀልሁት በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ማንም አልጠየቀኝም።

ታዲያ ጌጥ ይቅር? አይቅር። ነጋዴው ሱቁ እንዲያምር መፈለጉ ሙሉ መብቱ ነው፤ ምልክቱንም የሚያስጠላው የሚቀርብለት ነገር ርካሽ፣ የተጣመመ፣ ተለጣፊው የተላጠ ስለሆነ ነው። በእኔ አስተሳሰብ ድንበሩ ያለው በሰሌዳውና በዙሪያው መካከል ነው። የሰሌዳው ፊት፣ ማለትም ሥዕሉ፣ አረንጓዴው፣ መጠኑና ብርሃኑ አይነካ። ፍሬሙ ግን የእንጨት ይሁን፣ የነሐስ ይሁን፤ ማንጠልጠያው ይዋብ። ከኋላው ያለው ግድግዳ ጸጥ ያለ፣ ደብዛዛ፣ ነጠላ ቀለም እንዲሆን ዲዛይን ይደረግ፤ ሣሩና መስተዋቱ ሁለት ሜትር ራቅ ይበሉ። ማጥፊያው ሲሊንደር በጌጠኛ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ከተባለ፣ ሳጥኑ አይቆለፍ፤ ቀዩ ምልክት ደግሞ ከሳጥኑ በላይ፣ ወደ ኮሪደሩ ጎን ወጥቶ፣ ከሁለቱም አቅጣጫ ለሚመጣ ይታይ። የበሩ መቃን በሙሉ በሚያበራ መስመር ቢከበብ ጌጥም ነው፣ ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅም ይነበባል። ይህን ለአንድ የታይዋን ነጋዴ ስነግረው ያቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ከሱቄ ስም መብራት የበለጠ ይበራል ወይ?» አዎን፣ መብለጥ አለበት አልሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «እንግዲያው የጎረቤቴም ይብራ» አለ። ፍትሐዊ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ለብቻው የሚፈጽመው አይደለምና፣ በመተላለፊያው የተሰለፉት ሁሉ ተስማምተው የሚያደርጉት መሆኑን ከእኔ ቀድሞ ተረድቶታል።

ያን የእኔን ሕንፃ በተመለከተ፣ ባለቤቱን ለማሳመን ከእሳቱ በኋላም ብዙ ቀጠሮ ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ የወርቅ ፊደላቱን ነቅለን ከውስጡ የሚበራ፣ ባትሪ ያለው፣ 15 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ ሰቀልን። ዙሪያውን በዚያው ቡናማ እንጨት አስከበብሁለት። የተነቀሉት ፊደላት ቢሮዬ ውስጥ ናቸው፤ ማየት የሚፈልግ ተማሪ መጥቶ ሊያያቸው ይችላል።

ከጥያቄና መልሱ በፊት የመስክ ሥራውን ላሳውቅ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በመጪው ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በታይዋን መግቢያ እንገናኛለን። ቀን ላይ የማትመጡት ሆን ብዬ ነው፤ ሸራው ተዘርግቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሰው ሲበዛ ነው የምንለካው። ሜትርና የሉክስ መለኪያ ከላቦራቶሪው ፈርማችሁ ውሰዱ፤ ነጋዴዎቹን አስፈቅዳችሁ ግቡ፤ ሱቃቸው ፊት ለፊትም ደንበኛ አትከልክሉ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ፤ ማይክሮፎኑ ከዚያ ከመጋረጃው አጠገብ ነው፤ መጋረጃውንም እግረ መንገዳችሁን ሰብስቡልኝ።